የዳዊት ውኃና የእህታችን አይፎን

ዛሬ የማነሣው ነገር አንዳንዶችን ያስከፋ ይሆናል። ቢሆንም በየአጥቢያችን እያየነው ዝም ብለነዋልና መነገር አለበት።

አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ኢንተርኔት ላይ ገበያ ወጥተዋል እንበል። አንዷ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ናት። ሌሊት ሥራዋን ስትጨርስ፣ ወደ እናቷ በርካሽ የሚያስደውል መተግበሪያና ጥቅል ትፈልጋለች። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ነው፣ የመዘምራን አባል። እርሱ የቴሌግራም ስልክ ሻጮችን እያገላበጠ የአይፎን ቀለም፣ ጊጋና የባትሪ ፐርሰንት ያነጻጽራል። ዋጋውን ጠይቆ ሲሰማ የገዛ ኪሱን አይዳብስም። «እህትዬ፣ እዚያ ይረክሳል አሉ፤ ላኪልኝ» ብሎ ይጽፍላታል።

የእርሷን ገበያ እንመልከት። ድሮ ከውጭ አገር የሚደውል ሰው የጥሪ ካርድ ገዝቶ፣ ደቂቃ እየቆጠረ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ይቋረጥበት ነበር። ስካይፕ በ2003 እ.ኤ.አ. ከመጣ፣ በኋላም ዋትስአፕ በ2015 የድምፅ ጥሪ ከጨመረ ወዲህ ለብዙው ዓለም ያ ችግር ቀለለ። በኤምሬትስ ግን በዋትስአፕ ጽሑፍ ይላካል እንጂ የድምፅ ጥሪው ዝግ ነው። ሰዉ ለዓመታት ሲደውል የኖረው እንደ ቦቲም ባሉ በተፈቀዱ መተግበሪያዎች፣ ወርኃዊ ጥቅል እየገዛ ነው። እንግዲህ የእናቷን ድምፅ ለመስማት ሳንቲም የምትቆጥረው እርሷ ናት።

የእርሱ ገበያስ? እዚያው ዱባይ አዲስ አይፎን ፕሮ ማክስ ከ5,000 ድርሃም በላይ ነው። እህታችን በወር 1,000 ድርሃም ታገኛለች ብንል፣ ሳትበላ፣ ሳትታመም፣ ለእናቷም ሳትልክ የአምስት ወር ደመወዟ አይበቃም። አምስት ወር ልብስ ያጠበችበት፣ የሰው ልጅ ያዘለችበት፣ እንቅልፍ ያጣችበት ጉልበት በአንድ ኪስ ይገባል።

አሁን 2ኛ ሳሙኤል 23ን ክፈቱ። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ አማረው። ሦስት ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው አለፉና ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን አልጠጣም። ውኃው ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡ ሰዎች ደም ሆኖ ታየው፤ ለእግዚአብሔርም አፈሰሰው። ልብ በሉ፣ ዳዊት ንጉሥ ነው፤ ጥማቱም የእውነት ነው፤ ሰዎቹም ያመጡት በፈቃዳቸው ነው። እንዲያም ሆኖ የሌላውን ነፍስ መጠጣት አልቻለም። እኛ ግን ጥማት ሳይኖረን እንጠጣለን፤ ጠጥተንም ፎቶ እንነሣለን።

«ወድዳ ነው የላከችው» ትሉኛላችሁ። ሦስቱም ኃያላን ወድደው ነበር። የእርሷ ፍቅር ለእኛ ምኞት ማስፈጸሚያ አይሆንም። ደግሞስ «አይሆንም» ብትል በቤተሰቡ ፊት «ሰው አገር ሄዳ ረሳችን» እንደምትባል እያወቅን «ወድዳ» ማለት እንዴት ይቀለናል?

«ለአገልግሎት ነው» የሚልም አለ። ዕቃ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስም በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ጠይቋል። የጠየቀው ግን የራሱን ዕቃ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብና መዝሙር ለመቅዳት እዚሁ አገር የተገጣጠመ ቴክኖ ይበቃል። ታዲያ ፕሮ ማክሱ የሚጨምርልን ምንድን ነው? ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚታየውን ጀርባውን ነው። ይህን ዐሥረኛው ትእዛዝ በስሙ ጠርቶታል፤ ምኞት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ በመድረካችን ላይ ምስክርነት መሆኑ ነው። «ጌታ አይፎን ሰጠኝ» ይባላል፤ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ይላል። ያለቀሰችበት እህት ግን ስሟ እንኳ አይጠራም። ወደ ዓረብ አገር ለአገልግሎት ተጉዘው፣ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አዋጥተው የገዙትን ስልክ «የፍቅር ስጦታ» ብለው ይዘው የሚመለሱ አገልጋዮችም አሉ። እረኛ በጎችን ሊመግብ ይሄዳል እንጂ ጠጕራቸውን ሸልቶ አይመለስም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ከመድረክ ከማስወጣታችሁ በፊት «ከማን ጉልበት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወንድሜ ሆይ፣ ጥያቄውን ገና ካልላክኸው አትላከው፤ ከላክኸውም ዛሬ «ተዪው» በላት። ስልኩ ደርሶህ ከሆነ፣ ሸጠህ ገንዘቡን በስሟ ብታስቀምጥላት ዳዊት ያደረገውን አደረግህ። ከዚያም እርሷ ባለችበት አገር የሚሠራውን መተግበሪያ በእጅህ ባለው ስልክ ላይ ጫን፤ በርካሹም ስልክ ይሠራል። አንተው ደውል። ለእናታችሁ አቅርብላት። ምን እንደላከች ሳይሆን እንዴት እንዳደረች፣ ደመወዟን በጊዜው እንደሚከፍሏት፣ ብቻዋን ስትሆን ከማን ጋር እንደምትጸልይ ጠይቃት። ከዚያ በስልኩ አብራችሁ ጸልዩ።

ያን ሌሊት ርካሽ ጥሪ ስትፈልግ የነበረችው ይህን ለመስማት ነው።