መሸፈን ሌላ፣ መዋሸት ሌላ

 

ባለፈው ረመዳን አንድ ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ፣ ዲክሲስ ወደሚገኘው ቤታችን አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። በፋርማሲ ትምህርት ተመርቆ በአንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ከአዳማ ተነስቶ በዴራና በኢተያ በኩል እስከ አሰላ፣ አልፎም እስከ በቆጂ እየነዳ ሐኪሞችንና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶችን ያነጋግር ነበር። አንድ ምሽት ግን ከደንበኞች ጋር ራት በልቶ፣ እንዳይከፉበት ብሎም አብሯቸው ጠጥቶ መሪ ጨበጠ። በመንገዱ ዳር ይሄድ የነበረን አንድ ገበሬ ገጭቶ እግሩን ሰበረው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ነፍስ አልጠፋም። ልጁ ተከሰሰ፤ ተፈረደበት፤ ቀላል እስራቱን ጨርሶ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ ታግዷል፣ ሥራውንም አጥቷል።

አሁን ሌላ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል። አባትየው እንዲህ ሲሉ ለመኑን፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ መጠጥ ባፉ ዞሮ የማያውቅ ነው ብለው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልን። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። አላህም ቢሆን የባሪያውን ነውር መሸፈን ይወዳል።»

ልመናው ልባችንን ነካው። ግማሹ እውነት ነውና። በዲናችን ኃጢአትን እየዞሩ ማውራት አይወደድም። አላህ (ሱ.ወ) የሸፈነለትን ሰው ራሱን በአደባባይ እንዲያጋልጥ ያዘዘው የለም። ነገር ግን መሸፈን ሌላ፣ መዋሸት ሌላ ነው። ማንም ሳይጠይቅ ዝም ማለት ሲትር ነው። መጠየቅ የሚገባው ሰው ሲጠይቅ ሐሰት መመለስ ግን በአንዱ ጥፋት ላይ ሌላ መጨመር ነው። መኪና የሚያስረክበው አሠሪ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ መብቱ ነው። በመንገዱ ዳር የሚሄዱት እናቶችና ሕፃናትም ባይጠይቁ እንኳ ሐቅ አላቸው።

ደግሞስ የመድኃኒት ሻጭ ሥራው ምንድን ነው? ለሐኪሙ የመድኃኒቱን ጥቅም ብቻ ነግሮ መውጣት አይደለም። የጎንዮሽ ጉዳቱንና ለማን እንደማይሰጥ ጭምር መናገር ነው። ኢንሱሊን ሳይበላሽ እንዲቆይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከቅዝቃዜ ውጭ ያደረውን ዕቃ ደህና ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው በሕመምተኛ ሕይወት ይጫወታል። ታዲያ ወደ ሥራው በውሸት የገባ ወጣት፣ ነገ ገበያ ሲቀዘቅዝበት እውነቱን ለመናገር በምን ጉልበት ይችላል? የዚህ ሙያ ዋና ካፒታሉ መታመን ነው፤ አማና ነው።

ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅነው፦ «የተገጨውን ሰውዬ አግኝተኸዋል?» አቀረቀረ። የሕክምናው ወጪ በሦስተኛ ወገን መድን ተከፍሏል፤ እሱ ግን አፍሮ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም። ተውበት ጥፋቱን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ ቁርጥ ማድረግ ነው። የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ ወይም ይቅር መባል ይጨመርበታል። ደብዳቤው ከዚህ በኋላ እንደሚደርስ ተነጋግረን ተለያየን።

ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ገበሬው በዚያ ዓመት ስንዴውን ማጨድ እንዳልቻለና ለሌላ ሰው እኩል እንደሰጠ ነገረው። ልጁም የጎደለውን በየወሩ ሊተካ ቃል ገባ፤ ገበሬውም ይቅር አለው። እኛም ጻፍን። ያስተማርነው፣ የምናውቀው መሆኑን፣ መጥፋቱንና መቀጣቱን፣ ሐቅ ለመመለስ መነሳቱንም ጻፍን። ከዚህ የበለጠም ያነሰም አልጻፍንም።

ውጤቱን አንደብቅም። ያ ድርጅት አልቀጠረውም። አባትየውም ለጥቂት ቀናት አኮረፉን። ሌላ ድርጅት ግን እውነቱን ሰምቶ፣ መኪና ሳይሰጠው፣ በመጋዘን ዕቃ መዝጋቢነት በሙከራ ወሰደው። ከደረጃው ዝቅ ያለ ሥራ ነው። ነገር ግን ማታ ሲተኛ «ቢያውቁብኝስ» ብሎ አይባንንም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት የአገሩም ሕግ በር ትቶለታል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓት አለው፤ የተቀጣን ሰው ወደ ቀድሞ ስሙ መመለስ ማለት ነው። ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ የቀለለ ከነበረ 2 ዓመት ጠብቆ፣ በመልካም ጠባይ ኖሮና ካሣውን እንደ አቅሙ ከፍሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ በአሮጌው ፍርድ የሚነቅፈው ሰው ራሱ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ወጣቶቻችን ይህን ቢያውቁ በሐሰት ወረቀት ፈንታ ቀኑን ይጠብቁ ነበር።

ለእኛ ለጎረቤቶች ደግሞ ሌላ ትምህርት አለን። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ የተቀጣ አንድ ሰው ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውዬው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ልብ እንበል! ቅጣቱ አልቀረለትም፣ ወንድምነቱም አልተነፈገውም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እናደርጋለን። ጥፋቱን በውሸት ደብዳቤ እንሸፍንለትና፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት «ሰካራሙ» እያልን እናሙዋለን።

እናንተ በሽያጭ ሥራ የተሰማራችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ከደንበኛ ጋር ራት ስትቀመጡ ከመጀመሪያው «እኔ አልጠጣም» በሉ። ደንበኛው ለአንድ ሰዓት ቢከፋ፣ የአንድ ገበሬ እግር ከመሰበሩ ይቀላል። ወላጆችም ልጃችሁ ሲወድቅ ደብዳቤ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ይዛችሁት ወደ ተበዳዩ ደጅ ሂዱ።

ያለፈው ክረምት አልፏል። የሚመጣው ክረምት ግን አይቀርምና፣ ቤቱን በእውነት ላይ እንሥራው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።