ሰነድ የሌለው ሰነድ



ባለፈው ዕረፍት ኩልመስክ በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ከመካከላችን የአንዱ አያት ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። ስልካችን የድሮ ፎቶ አጥርቶ እንደሚያነሳ ስናወራ ሰምተው ኖሯል። ከሳጥኑ ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሎ፣ አራት ደብዳቤ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ጉርድ ፎቶና ክሩ የተበጠሰ ሙስበሓ ወጣ። ሁሉም የታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ልጁ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ዘመተ። መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ ከተደመሰሰ በኋላ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። መርዶ እንኳ በወጉ አልተነገረም።

ሦስቱ ደብዳቤዎች በአማርኛ ፊደል ናቸው፤ እጁ ግን የእሱ አይደለም፣ የሚጽፍለት ጓደኛ ነበረው። እነዚህን አያታችን ራሳቸው ያነቧቸዋል። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት እናቶች አንዷ ናቸውና። አራተኛውን ልጁ በገዛ እጁ ጻፈው። መድረሳ እንጂ አስኳላ አልገባም ነበር፤ ስለዚህ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ጻፈው። ያን ጊዜ ያነበቡላቸው የሰፈሩ ሸኽ አኺራ ከሄዱ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከእሳቸው ወዲህ ያነበበው ሰው የለም።

እኛ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን ነን። ሁለቱንም ፊደል እናውቃለን። ቢሆንም ያቺ አንዲት ገጽ ሙሉ ምሽት ፈጀችብን። ዐረብኛ ለጨ፣ ለኘ፣ ለጰ ፊደል የለውም፤ ጸሐፊው ቅርብ የመሰለውን ወስዶ ነጥብ ይጨምርበታል፣ አለዚያም አንባቢው ያውቃል ብሎ ይተወዋል። እየተደነቃቀፍን ስናነብ አያታችን ከፊታችን ይቀድሙ ነበር። ሸኹ አንድ ጊዜ ያነበቡላቸውን ከሠላሳ ዓመት በላይ በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል። ልጁ ዕዳውን ዘርዝሯል፤ ለአንዱ 12 ብር፣ ለሌላው ሁለት ቁና ገብስ። አያታችን በዚያው ዓመት ከፍለው ጨርሰውታል። ቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ምሽግ ውስጥ ያለ የሃያ ዓመት ልጅ ግን በተግባር ያዋለው ያኔ ነው።

መጨረሻ አካባቢ «ለዳማም ሰላም በሉልኝ» የሚል አለ። ደብተራችን ላይ «ዳማ፦ ምናልባት የጎረቤት ሰው» ብለን ጻፍን። አያታችን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ዳማ በቅሎዋ ናት።

እንግዲህ ለመናገር የፈለግነው ነገር የጀመረው ከዚች በቅሎ ነው። እኛ ይዘን የሄድነው የካሜራ ጥያቄ ነበር፤ ስንት ፒክስል፣ የትኛው አፕሊኬሽን፣ የት ይቀመጥ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ምን ይጠበቅበታል? ፎቶ ማንሳቱ ግን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ፎቶ የዛሬ ሃያ ዓመት በዓለም ምርጥ ኮምፒውተር ላይ ብንከፍተው፣ ዳማ ሰው ትሆን ነበር።

መድረሳ የገባ ሁሉ ሐዲሥ ሲቀራ ሁለት ነገር ለይቶ ይማራል፤ መትንና ሰነድ። መትኑ ንግግሩ ነው፤ ሰነዱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ካልታወቀ ንግግሩ ምንም ያህል ቢያምር ዑለሞቹ ክብደት አይሰጡትም። የመረጃ ሳይንስ ሰዎች ሜታዳታ የሚሉትን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስንሰማ ለኛ አዲስ ነገር መምሰል አልነበረበትም። አሁን በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ «የድሮ ወሎ» እየተባለ የሚለጠፈውን ፎቶ ተመልከቱ። ማን ነው? የት ነው? ማን ሰጠ? ከማን ቤት ወጣ? አንድም ቃል የለም። አማርኛችን ወረቀቱንም ሰነድ፣ ዑለሞቹ ሰንሰለቱንም ሰነድ ማለታቸው ጥሩ ተገጣጥሟል፤ በየቀኑ የምናየው ሰነድ የሌለው ሰነድ ነው።

ይህን ሥራ ከሌላው ይልቅ በእኛ ላይ የምንጭንበት ምክንያት አለን። የአገራችን የብራና መጻሕፍት ጥሩም መጥፎም ዕድል አጋጥሟቸዋል፤ ያም ሆኖ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። የወሎ ዑለሞች ኪታቦችም ዘግይቶም ቢሆን ተመራማሪ አላጡም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በዐጀሚ ያዘጋጇቸው የአማርኛ ግጥሞች ዛሬ በምሁራን ይጠናሉ። የተራ ሰው ደብዳቤ ግን ማንም አልፈለገውም። የዘማች ደብዳቤ መጽሐፍ አይደለም፣ ኪታብም አይደለም፤ በዐጀሚ የተጻፈ ሲሆን ደግሞ የቀበሌው መምህር ዐረብኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ዐረብኛ የሚያውቀው ዐረብኛ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ የያዘው ትውልድ እኛ ነን። ታናናሾቻችን ብዙዎቹ የቁርኣን ንባቡን በአፕሊኬሽን ነው የሚማሩት፤ የሸኹን እጅ ጽሑፍ አይተው አያውቁም።

ላስታ ውስጥ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራው የጀማዓው ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እንፈልጋለን። ከአያታችን ቤት ሁለት አጥር አልፎ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤት ባለቤታቸው ከባድመ ጦርነት ጊዜ የላኩላቸውን ወረቀት መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጣሊያን ጊዜ አለ። ነሐሴ 1929 ላስታና ዋግ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ሲያምፁና ደጃዝማቹ ወዲያው ሲገደሉ፣ የገበሬው ቤት ምን እንደደረሰበት የሚናገር ወረቀት ስንት ቀርቷል? ያኔ ወረቀት የሚጽፍ ራሱ ጥቂት ነበር። የደርግና ከዚያ ወዲህ ያለው ጦርነት የተሻለ ነው፤ ወረቀቱ አለ፣ ያስቀመጡት እናቶችም አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። የዛሬ አሥር ዓመት ይህን አንልም።

ሌላም ያስቸኮለን ነገር አለ። በሐምሌ 2013 ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላን አልፎ ወደኛ ሲደርስ፣ በምናውቃቸው ቤቶች መጀመሪያ የተደበቀው እህል፣ ቀጥሎ ደግሞ ወረቀት ነበር። የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ፎቶ፣ የጡረታ ደብተር፣ የሜዳልያ ወረቀት ቤት ውስጥ መገኘቱ ያስፈራ ነበር። አንዳንዱ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። አንድ ቤተሰብ በፌስታል ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረ፤ ክረምት ነውና ውኃ ገባበት፤ ታኅሣሥ ላይ ሲወጣ ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጡብ ሆነው ነበር። በዚያው ጦርነት ትግራይ ውስጥ የነጃሺ መስጂድ ላይ የደረሰውን ጉዳት ዓለም በፎቶ አይቶታል። የኩልመስክን ምድጃ ያየ ግን የለም።

የእኛው ትውልድ ደብዳቤስ? በ2013ና በ2014 ወንድሞቻችን የላኩት ወረቀት አይደለም፤ በኢሞና በቴሌግራም የተቀዳ ድምፅ ነው፤ መረቡ ሲመጣ አንድ ደቂቃ፣ ሲጠፋ ወር። ያ ድምፅ አሁን ያለው ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ውስጥ ነው፣ ወይም በሦስት መቶ ብር ሚሞሪ ላይ። የ1980ው ወረቀት አይጥም ጭስም ችሎ እዚህ ደርሷል። ሚሞሪው አይችልም። ስልኩ የተቀየረ ቀን ድምፁ ይሄዳል። ስለዚህ ከወረቀቱም ይልቅ በመጀመሪያ መገልበጥ ያለበት የሟች ድምፅ ነው ብለን እናምናለን፤ በዚህ ከመካከላችን የማይስማማም አለ፤ አዛውንቶቹ ይቀድማሉ ባይ ነው። ክርክሩ አላለቀም።

አሠራሩን ከባዶ መፍጠር የለብንም። በ2008 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ደብዳቤና ቅርስ ቤታቸው ያለ ሰዎች እንዲያቀርቡ ጠይቆ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ6,500 በላይ ዕቃ ተመዝግቧል። ኋላም ዩሮፒያና የተባለው የአውሮፓ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በየከተማው ይህንኑ አደረገ። ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል፤ ታሪኩን ጠይቀው በቅጽ ይሞላሉ፤ ፎቶ ያነሱታል፤ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከውጭም ሳንሄድ፣ ሐረር ላይ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በየቤቱ የተረሳውን ኪታብና ቁሳቁስ ለዓመታት ሰብስበው የገዛ ቤታቸውን ሙዚየም ማድረጋቸውንና ስብስቡ በኋላ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት መዛወሩን ሐረር የሄደ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን ዕቃ አንሰበስብም። ለጊዜው ደብዳቤው ከእናትየው ሳጥን የተሻለ ቦታ የለውም፤ በእኛ ማደሪያ ክፍል ውስጥማ ሞክረነው ያውቃል? ትራሳችንም ይጠፋል።

ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ አንድ ልመና አለን፤ ላሚኔት አታድርጉት። ከተማ የሚኖሩ ልጆች ውለታ የዋሉ መስሏቸው የእናታቸውን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ያስለብሱታል። ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሳይቀዱ ማላቀቅ አይቻልም። ስኮችም እንዲሁ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያቢጫዋል። ፎቶ ስታነሱ በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ጀርባውንና ፖስታውንም አትርሱ፣ ቀኑ ብዙ ጊዜ ያለው ፖስታው ላይ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ለቤተሰቡ ታትሞ፣ አንዱ በጀማዓው ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከዚያ ርቆ ሌላ ከተማ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ማስቀመጥ ለእኛ አገር አይሆንም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ የቀመስነው ነው።

የሚቃወሙን አሉ፤ ሐቅም አላቸው። አንድ ታላቅ ወንድማችን «የሙት ገመና አትግለጡ» ብሎናል። በደብዳቤ ውስጥ ዕዳ አለ፣ የቤተሰብ ጠብ አለ፣ ለሚስት ብቻ የተባለ ቃል አለ። ከዚህም በላይ፣ ማን ከየትኛው ወገን እንደዘመተ የሚናገር ወረቀት ዛሬም ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል። ለዚህ መልሳችን፣ ማሰባሰብና ማሳተም አንድ አይደሉም የሚል ነው። ደብዳቤ አማና ነው። የሰጠን ሰው ለምን ያህል ሰው እንዲታይ እንደፈቀደ ቅጹ ላይ ይጻፋል፤ ለማንም ካለ ለማንም፣ እኔ እስክሞት አይታይ ካለ እስኪሞት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ መጠየቅ ሕግም ሆኗል፤ ለእኛ ግን ከአዋጁ በፊትም ግዴታ ነበር።

አያታችን ራሳቸው አስተምረውናል። ሦስቱን ደብዳቤ፣ ፎቶውን፣ የዐጀሚዋን ገጽ የፊት ገጽታ አስነሱን። ልንገለብጣት ስንል እጃቸውን ጣል አደረጉባት። «ይቺ የኔና የሱ ናት፣ ልጆቼ» አሉ። አጥፈው በነጠላው ቅዳጅ ጠቀለሏት። ቅጹ ላይ «ጀርባው አልተነሳም፤ ባለቤቷ አልፈቀዱም» ብለን ጽፈን ፈረምን።

ከፈተና በኋላ ወደ ላስታ፣ ግዳን፣ ራያና ዋድላ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ በረንዳ እንገናኝ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ከስምና ከቀን በላይ ያለው ጥያቄ «ይህን ማን ነገረዎት፣ ለእሱስ?» የሚለው ነው። ዐጀሚ ማንበብ የምትችሉ እህቶች በተለይ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ እናቶቻችን ሳጥን የሚከፍቱት ለሴት ልጅ ይቀላቸዋል። ትርፍ ሃርድ ዲስክ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ኢንሻአላህ።