የደኻ ቤት በምን ይታወቃል?

ስለ ቤት አስተዳደርና ስለ ልጆች አያያዝ በዚህ ዓምድ ስንጽፍ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይገጥመናል፤ ይኸውም ደኻ የምንለው ማን ነው የሚል ነው። በወር የሚገባው ገንዘብ ያነሰበት ሰው ደኻ ነው፥ የበዛለት ግን አይደለም ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። የመቀሌ ሰዎች ግን በቅርብ ጊዜ ባዩት መከራ ይህ መልስ ምን ያህል ጐደሎ እንደ ሆነ ዐውቀውታል።

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ በከተማዪቱ የባንክ ሥራ ተቋርጦ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን አላገኘም፤ በባንክ ደብተሩ ላይ ብዙ ሺህ ብር የተጻፈለት ነጋዴም ከገዛ ገንዘቡ ጥቂት እንኳ ሊያወጣ አልተቻለውም። በዓይደር ሆስፒታል መድኃኒቱ እያለቀ ሲሄድ ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ከነበሩት ሐኪሞች የዕለት ጉርስ የቸገራቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የደመወዝ መዝገብ የገለጠ ሰው ግን እነዚህን ሁሉ ከድኾች ወገን ባልቈጠራቸውም ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ባንኮቹ ተከፈቱ። ዳሩ ግን ገንዘቡ ሲለቀቅ ችግሩ ሁሉ አብሮ አልተለቀቀም። በትግራይ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ፥ ኋላም በጦርነቱ ምክንያት ተዘግተው፥ በመቀሌም ብዙዎቹ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ስለ ነበር፥ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። አባት ከባንክ ባወጣው ብር ጤፍና ዘይት ይገዛ ይሆናል፤ ለልጁ ያመለጡትን ሦስት ዓመታት ግን ከየትኛው ገበያ ይገዛቸዋል?

ይህን የመሰለውን ጕድለት ለመቍጠር በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 አንድ መለኪያ አውጥተዋል። መለኪያው ስለ ገቢ አይጠይቅም፤ ስለ ጤና፥ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ በዐሥር ነገሮች ይመረምራል። ሁሉ በዐሥራ ስምንት እጅ ቢከፈል፥ ከትምህርት የቀረ ልጅ ሦስት እጅ ይቈጠራል፤ በእንጨት ወይም በከሰል ማብሰል አንድ እጅ፥ ከጎረቤት ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ አንድ እጅ፥ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ውሃም አንድ እጅ ነው። ስድስት እጅ የጐደለበት ቤት ደኻ ይባላል። እንግዲህ የቤት እመቤቶች ራሳቸው ደምረው ይዩት፤ እነዚህ አራቱ ብቻ ስድስት ይሞላሉና፥ አባወራው ደመወዝተኛ ቢሆንም ቤቱ ከመዝገቡ ይገባል። ውሃ በፈረቃ የምትጠብቅ የመቀሌ እናት ይህን ለማወቅ ሊቃውንቱን አልጠበቀችም እንላለን።

ሁለቱ መለኪያዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ በአገራችን ቍጥር ይታያል። በ2008 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ወጪ ሲመረመር ከመቶው ሕዝብ 23.5 ያህሉ ደኻ ተብሎ ተቈጠረ። በ2011 ዓ.ም. በተሰበሰበው የጤናና የኑሮ ጥናት ላይ ይህ አዲሱ መለኪያ ሲሠራበት ግን ቍጥሩ 68.7 ሆነ።

ሆኖም ይህም መለኪያ ሳይጽፈው የሚያልፈው ነገር አለ። ሀብታም በሆነችው በእንግሊዝ አገር ፒተር ታውንሴንድ የተባለው ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ሲመረምር፥ ባለፉት አራት ሳምንታት ዘመድ ወይም ወዳጅ በቤታችሁ ምግብ ቀምሷልን? ብሎም ጠይቋል። በበለጸገ አገር ረኀብ ባይኖርም፥ ሰው ጎረቤቶቹ እንደሚኖሩት ለመኖር አቅም ያጣ እንደ ሆነ ደኻ ነው ማለቱ ነው። ለእኛ እንደሚመስለን ይህ ጥያቄ ከለንደን ይልቅ ለመቀሌ ይስማማል። ቡና አፍልታ ጎረቤት መጥራት የተወች እመቤት፥ ምክንያቷን ለማንም ሳትናገር ደጇን ዘግታ ትቀመጣለችና።

በነሐሴ 16 ቀን አሸንዳ ሲገባም እንዲሁ ነው። ልጃገረዶች በጥልፍ ቀሚስ አጊጠው፥ ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ቄጠማውን በወገባቸው አስረው ከበሮ እየመቱ ሲወጡ፥ ቀሚስ ያልተገዛላት ልጅ አመመኝ ብላ ከቤት ትቀራለች። አባትየው ቢጠየቅ ደመወዙን ብቻ ይናገራል፤ የልጅቱን ነገር የምታውቀው እናቲቱ ናት። ስለዚህ ለርዳታ ስም የሚመዘግቡ ሰዎች አባወራውን በደጅ ጠይቀው ከሚሄዱ፥ ወደ ውስጥ ገብተው እናቲቱን ደግሞ ቢያነጋግሩ መልካም ነው፤ ይህንም ብቻዋን በሆነችበት ሰዓት ያድርጉት።