«እግዚአብሔር ይመስገን» ካልን በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከማለዳ እስከ ማታ የእግዚአብሔርን ስም ስንት ጊዜ እንደምንጠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? «እንዴት አደራችሁ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ለተደረገልን በጎ ነገር «እግዚአብሔር ይስጥልን»፣ ለሐዘንተኛው «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ ለታመመው «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ ለወለደችው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። አባቶቻችን ሰላምታውንም ምስጋናውንም ልቅሶውንም በጸሎት መልክ አቆይተውልናል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሀብቱ ራሱ አንድ ፈተና አለበት፤ አፋችን ሳይደክም ስለሚጸልይ ልባችንም አብሮት የጸለየ ይመስለናል።

«እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን ቃል ብቻ እንመልከት። ባለዕዳው «መቼ ትከፍለኛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይመልሳል። እግዚአብሔርስ በእርግጥ ያውቃል፤ ቀኑን ሊያውቅ የሚገባው ግን ተበዳሪው ራሱ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ነጋዴዎችን «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለትን ያስተማራቸው (ያዕ. 4፥13-15) የነገን ዕቅዳቸውን በትሕትና እንዲይዙ እንጂ የዛሬን ግዴታቸውን እንዲሸሹበት አልነበረም። በእኔ አስተያየት በእግዚአብሔር መታመን የሚፈተነው በመዝሙር ሰዓት በሚሰማን የልብ ሙቀት ሳይሆን በኪሳችን፣ በሚዛናችንና በቀጠሯችን ላይ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 የተጻፈውን የመና ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። እስራኤል በምድረ በዳ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር እየሰፈሩ በየማለዳው ይሰበስቡ ነበር። ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበውም አልጎደለበትም። አንዳንዶቹ ለነገ ብለው ያሳደሩት ግን ተላ፣ ሸተተም። በስድስተኛው ቀን ብቻ እጥፍ ሰበሰቡ፤ ለሰንበት ያደረው አልተላም። እንግዲህ መናውን ያበላሸው ማደሩ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እግዚአብሔር «ይደር» ያለው ይሰነብታል፤ ሰው ፈርቶ ያሳደረው ይተላል። ይህም በአንድ ጉባኤ ተሰብኮ ያለቀ ትምህርት አልነበረም፤ 40 ዓመት ሙሉ በየማለዳው የተደገመ ነው።

የሰራፕታዋን መበለት ታሪክም (1ኛ ነገ. 17) ብዙ ጊዜ የምንተርከው ማድጋዋ ጢም ብሎ እንደ ሞላ አድርገን ነው። መጽሐፉ ግን ሞላ አይልም፤ ዱቄቱ አላለቀም ነው የሚለው። ይህች ሴት በየማለዳው ማድጋዋን ስትከፍት ታየው የነበረው የትናንቱን የመሰለ እፍኝ ዱቄት ሳይሆን አይቀርም። ትናንት ስለበቃት ዛሬም እንደሚበቃት ማመን ነበረባት፤ በማግሥቱም እንደገና። የመጀመሪያዋንም እንጎቻ የጋገረችው ለእንግዳው ለኤልያስ ነበር፤ ለራሷና ለልጇ ያዘጋጀችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በኦሪት እንዳያድሩ ከታዘዙት ነገሮች አንዱ የሠራተኛ ደመወዝ ነው (ዘሌ. 19፥13)። ኦሪት ዘዳግምም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ሲያዝዝ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ሰውየው ድሀ ነው፣ ተስፋውም ያ ገንዘብ ነው (ዘዳ. 24፥15)። ይህን ትእዛዝ ከመናው ታሪክ አጠገብ አድርጋችሁ አንብቡት። የሠራተኛውን ደመወዝ በኪሱ የሚያሳድር ሰው የሌላውን ሰው መና እያሳደረ ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አጥር ያጠረልኝን የቀን ሠራተኛ «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ና» ብዬ መለስኩት። ገንዘቡ ነበረኝ፤ ነገር ግን ወሩ እስኪያልቅ እንዳያጥረኝ ሰጋሁ። በማግሥቱም ሌላ ምክንያት አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ሰጠሁት፤ እርሱም አንዳች ክፉ ሳይናገር «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት እሑድ ለሕፃናት ክፍል ያስተማርኩት ስለ መና ነበር። ከልጆቹ አንዷ «ለምን አሳደሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስላላመኑ» ብዬ መለስኩላት። መልሱ ትክክል ነበር፤ በማን ላይ እንደ ፈረድኩ የገባኝ ግን ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ኑሮ እንዳንጨነቅ ያስተማረበት ቃል «ስለዚህ» ብሎ ይጀምራል (ማቴ. 6፥25)። ከምን ተነሥቶ? ከፊቱ ያለው ቁጥር ሰው ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ በአንድነት መገዛት እንደማይችል ይናገራል። የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን ብቻ ነጥለን ስንጠቅስ ትምህርቱ ማጽናኛ ብቻ ይሆንብናል፤ ከነ«ስለዚህ»ው ስናነበው ግን ጌታችሁ ማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ጭንቀት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ልጇ የታመመባትን እናት «እምነት ቢኖርሽ ባልተጨነቅሽ» የሚላት ሰው አጽናኝ ሳይሆን ሸክም ጨማሪ ነው። የምለው ፍርሃታችን እጃችንን ማዘዝ ሲጀምር፣ ሚዛን ሲያስጎድልና የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ከወር ወደ ወር ሲያስተላልፍ፣ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ጌታ ሆኖብናል ነው።

ታዲያ መቆጠብ አለማመን ነውን? አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቷል (ዘፍ. 41)፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጸጋም ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ አስቧል። የዮሴፍ ጎተራ ለተራበ ሕዝብ ተከፈተ፤ ባለጸጋው ግን ስለ ጎተራው የተማከረው ከራሱ ነፍስ ጋር ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ታምኖ ያልተደረገለትስ? በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነበትን በዓል እናከብራለን፤ ቁልቢም ስለቱን ይዞ በሚጓዝ ሕዝብ ትሞላለች። የምንተርከው መዳናቸውን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ለናቡከደነፆር የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል አለው (ዳን. 3፥17-18)። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። ይህን ሁለተኛውን የተናገሩት መልአኩን ገና ሳያዩት ነው። ስለቱ የሰመረለት ሰው በዐውደ ምሕረት ሲመሰክር ሁላችን እልል እንላለን፤ ስለቱ ሳይሰምርለት በሚቀጥለውም ዓመት ጧፉን ይዞ የሚመጣውን ሰው ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። እኔ የሠለስቱ ደቂቅን ሁለተኛ መልስ የተማርኩት እንዲህ ካሉ ሰዎች ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን መታመን በየዕለቱ እንድንለማመደው ቀኑን በ7 የጸሎት ጊዜያት ከፍላ ሰጥታናለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሥራ ላይ የሚውል ሰው ሁሉን በቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ ማድረስ ይሳነዋል። ጌታችን በ6 ሰዓት መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን በልቡ ማሰብ ግን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይን ባለቤት ሠራተኛ ሊቀጥር የወጣባቸውን ሰዓታት ተመልከቱ፤ ከማለዳው ቀጥሎ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት ነው። ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ! በመሸም ጊዜ ለሁሉም ደመወዛቸውን አስከፈለ፤ የማንንም አላሳደረም።

እኔም ከዚያ አጥር ወዲህ በ11 ሰዓት ለሠርክ ጸሎት ከመቆሜ በፊት በእጄ ሊያድር ያለ የሰው ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ራሴን እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቀን ይኖራል። ያን ቀን ጸሎቱን አቆየውና ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።