ስትራቴጂው ከቆጣሪው ይጀምር

ሰሞኑን ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ በቴሌግራም ላኩልኝ። አንዱ ብረታ ብረት ቤት አለው፣ አንዱ ጋራዥ፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች። «ቲቸር፣ የዘላቂነት ስትራቴጂ አምጡ ተባልን፤ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ነው ነገሩ። ለብድርና ለጨረታ ይፈለጋል ተብለው ነው። አንደኛው እንደውም ከሆነ ቦታ ያገኘውን 24 ገጽ ሰነድ አያይዞልኛል። ስለ ዓለም ሙቀት አራት ገጽ አለው። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት፣ ሁሉም አለ። ስለ እሱ ብየዳ ቤት ግን አንድ መስመር የለውም። ስሙን ቀይራችሁ ለዳቦ ቤት ብትሰጡት ማንም አይነቃባችሁም።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ግን አቃቂ ቃሊቲ ኖሬ፣ ካስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ እዚሁ ሼድ ውስጥ ሲሠሩ እያየሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሐሳቤን በአጭሩ ልናገር፦ አምስትም ሆነ ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ስትራቴጂው አንድ ደብተር ላይ መግባት አለበት፤ የሚጽፈውም ባለቤቱ ራሱ ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ የወጣው የት ደረሰ? በቃ። ይህ ሳይታወቅ የሚጻፍ ሰነድ ፋይል ማሳበጫ ነው።

ከመብራት እንጀምር። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ነው የተወሰነው። ስለዚህ ዛሬ የሚባክነው መብራት በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ያስከፍላችኋል። እንጀራ የምትጋግረዋ ልጅ «ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ትንሽ እጋግራለሁ፣ ትዕዛዙ እንደመጣ ነው» አለችኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። እስኪግል 15 ደቂቃ ባዶውን ቢቆይ ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ መብራት ሄደ ማለት ነው፣ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ። ምጣዶቹን በአራት፣ የሥራ ቀኑን በ25 አባዙት። ከሆቴሎቹ ጋር ተነጋግራ ትዕዛዙን በዋዜማው ብትቀበልና በአንድ ግለት ብትጨርስ ምን ያህል እንደምታድን ቆጣሪዋ ይነግራታል። ይኼ ስትራቴጂ ነው እላችኋለሁ። የማንም አማካሪ ክፍያ የለበትም።

ወደ ብረቱ ስመጣ ደስ የሚል ሒሳብ አለ፣ ታገሡኝ። የበር ቱቦ ስድስት ሜትር ሆኖ ነው የሚመጣው። 2.10 በ0.90 ለሆነ ፍሬም ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ስንደምር 4.20 ሲደመር 1.80፣ ልክ ስድስት ሜትር። የመቁረጫው ዲስክ ከሚበላት ጥቂት ሚሊ ሜትር በስተቀር ምንም አይተርፍም። በሌላ በኩል አንድ ልጅ 1.30 የሆነ የመስኮት ቁራጭ ሲፈልግ ከአንዱ ቱቦ አራት ጊዜ ይቆርጥና 80 ሳንቲ ሜትሯን ጥግ ይወረውራታል። ከመቶ 13 እጅ ማለት ነው! ያቺ ቁራጭ ወራት ዝጋ ትቆይና ለቁራሌው በኪሎ ትሸጣለች። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ብረት በምን ዋጋ እንደምትገዙ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከመቁረጥ በፊት የሳምንቱን ትዕዛዝ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ደግሞ ይኼ ነገር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይምሰላችሁ። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ከጎማ የሚሠራውን በረባሶ አያቶቻችን ሲጫሙት «ሪሳይክል» የሚለውን ቃል የሰማ አልነበረም። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ስትመሠርት የተነሳችው ከዚያው ከጎማ ሶል ነው። ጫማው ዓለም ላይ ተሸጠ። ልዩነቱ እሷ የምትሠራውን አውቃና መዝግባ ለገዢ ማስረዳት መቻሏ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፣ ወደ ጋራዡ።

የተቃጠለ ዘይት የት ይሄዳል? ጥቂቱ ለእንጨት ምሰሶ መቀቢያ፣ ለኮንክሪት ካሳ መለቅለቂያ ይሸጣል። የቀረው? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መሬት ይጠጣዋል፣ ወይ በዝናብ ቀን ከጎርፍ ጋር ይለቀቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል። አንድ ቅያሪ አራት ሊትር ነው እንበል፤ አንድ ጋሎን ያህል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የተቀመጥነው የት ላይ ነው? አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ከዋናዎቹ የጉድጓድ መስኮች አንዱ ደግሞ እዚሁ አቃቂ ነው። ቦሌ ያለው ሰው ቧንቧ ሲከፍት የእኛን መሬት ውሃ ሊጠጣ ይችላል።

«ቲቸር፣ ትልቁ ፋብሪካ እያለ እኔ በአራት ሊትሬ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያ ክሮሚየም ይጠቀማሉ፤ ተመራማሪዎች በአቃቂ ወንዝ ውሃ በለማ ጎመንና ሰላጣ ውስጥ ከባድ ብረቶችን ካገኙ ሃያ ዓመት አልፎታል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክመው በእኛ በኩል አልፈው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። ከላይ የሚጥል ሁሉ እኛ ላይ ነው የሚጥለው። ታዲያ ግርጌ ላይ ያለ ሰው የራሱን ጨምሮበት እንዴት አፉን ሞልቶ ይከሳል? የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሲወጣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት ማለት እንደሚችል ደንግጓል። መብቱ ከተሰጠን ሃያ ዓመት አልፎታል። እጃችን ንጹሕ ቢሆን በደንብ እንጠቀምበት ነበር።

ጋራዥ ያላችሁ ሌላም ነገር አስቡ። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ነባሮቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፣ አትደንግጡ። ግን የአምስት ዓመት ዕቅድ ስትጽፉ «ባትሪና የመኪና ኤሌክትሪክ የሚማርልኝ ልጅ ማነው?» የሚል መስመር ከሌለው፣ ስለ ዛፍ ተከላ የጻፋችሁት ሁሉ ጋራዡን አያቆየውም።

ባለቤቶቹ ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ነው። ሼድ የሚሰጠው ለተወሰነ ዓመት በኪራይ ነው። ነገ እዚህ መኖሩን ያላረጋገጠ ሰው የዘይት ማጠራቀሚያ በራሱ ወጪ ይገንባ ማለት ቀልድ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ጋራዥ ካለ አንድ የጋራ ታንከርና የሚመዘግብ አንድ ሰው ይበቃል። ይኼን ማሟላት የወረዳው ሥራ ነው። የከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ብክለት ደንብ አውጥቶ እየቀጣ ነው፣ ጥሩ። የወንዝ ዳርቻውም እያማረ ነው። ዘይቱን የሚያስረክቡበት ቦታ ሳይሰጡ መቅጣት ግን ሰውየው በቀን የሚደፋውን በሌሊት እንዲደፋ ነው የሚያስተምረው። ሥልጠና ጠርታችሁ ያንኑ ቅጽ የምታድሉ ተቋማትም፣ እባካችሁ አበል ከምትከፍሉ አንድ በርሜል ግዙ።

ለሦስቱም ልጆች የመለስኩት አንድ ነው፣ ለሌሎቻችሁም ይሁን። ሰነዱን ለአንድ ወር ተዉት። ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ ቆጣሪውን አንብቡ፣ የተጣለውን ቁራጭ መዝኑ፣ የወጣውን ዘይት በሊትር ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ ማን ማን በአንድ ግቢ እንዳላችሁ ጻፉልኝ። ስማችሁን አሰባስቤ ለታንከሩ ጉዳይ ወረዳ የምሄደው እኔ ነኝ።