ብርሃን ይመዘናልን?

በሰቆጣ አቅራቢያ ከአንድ የተከበረ ቤት በእንግድነት ባደርንበት ማታ፥ የማር መመዘኛው ሚዛን ገና ከደጅ አልተነሣም ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ቀኑን በፀሐይ ሲሞላ የዋለውን የእጅ ፋኖስ ከሚዛኑ ላይ አኖረና መርፌውን ዐይቶ «አባዬ፥ ይህን ሁሉ ብርሃን ጠጥቶ ለምን አልከበደም?» ሲል ጠየቀ። አባቱም ሥቀው «ብርሃን ምን ክብደት አለውና ነው፥ ልጄ? ሚዛኑን መልስ» አሉት። እኛም እንግዳ ነንና ዝም አልን። ዝም ማለታችን ግን እስከ ዛሬ ይቈጨናል፤ ልጁ እውነቱን ይዞ ነበርና ዕዳችንን በዚህ ዐምድ እንከፍላለን።

ፋኖሱ በእርግጥ ከብዷል። አልበርት አይንስታይን በ1898 ዓ.ም. እንዳስረዳው ኃይል ሁሉ ክብደት አለው፤ ነገር ግን አንድ ግራም ለመሙላት 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ትንሽ ፋኖስ ሲሞላ የሚጨምረው ከአንድ ግራም ላይ ከቢሊዮን አንዱን እጅ እንኳ አያህልም፤ የማር ሚዛን ቀርቶ የወርቅ ሠሪ ሚዛንም አይሰማውም።

የስበትን ነገር ከነሥሩ የገለጠው ግን ይኸው ሊቅ በ1908 ዓ.ም. ያወጣው ትምህርት ነው። አስቀድሞ ኒውተን እንዳስተማረው ስበትን የሚወልድ ግዙፍ አካል ብቻ ነበር። አይንስታይን ግን ስበት የቦታና የጊዜ መጕበጥ ነው፤ የሚያጐብጠውም ኃይልና ግፊት ያለው ነገር ሁሉ ነው አለ። ኤሌክትሪክና ማግኔት በዙሪያቸው የሚዘረጉት መስክ ኃይልም ግፊትም አለው። ብርሃንም ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል ነው። እንግዲህ አንዳች ትቢያ በሌለበት ባዶ ስፍራ መስኩ ብቻውን ቢገኝ እርሱም ይስባል ማለት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና መታየቷን፥ በሰቆጣም እጅግ የሚበዛው ክፍሏ መሸፈኑን የዋግ ሰው ያስታውሳል። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በሆነው ሌላ ግርዶሽ ጊዜ ደግሞ ኤዲንግተንና ሌሎች የእንግሊዝ ሊቃውንት በፕሪንሲፔ ደሴትና በብራዚል ሆነው በፀሐይ አጠገብ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሡ። የከዋክብቱም ብርሃን በፀሐይ ዘንድ ሲያልፍ አይንስታይን እንደ ተናገረው ጐብጦ ተገኘ። ፀሐይ ብርሃንን ከሳበች ብርሃንም በፋንታው ፀሐይን መሳቡ ግድ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚጐተት ገመድ የለምና። (ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በአገራችን ከፊል ግርዶሽ እንደሚሆን ተሰልቷል። እናቶች ሆይ፥ በጥላሸት የጠቆረ መስተዋትም ሆነ በገበቴ ውኃ መመልከት የልጅን ዐይን አያድንም፤ ለዚሁ ነገር የተሠራ መነጽር ያሻል።)

ፀሐይ በየሴኮንዱ አራት ሚሊዮን ቶን ያህል ብርሃን ትረጫለች። ምድራችን ከዚህ የምትቀበለው በሴኮንድ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ጋሻ መሬት፥ ይኸውም 40 ሄክታር ያህል፥ ጥርት ባለ ቀን ከጧት እስከ ማታ የሚቀበለው ብርሃን ቢመዘን ከሁለት ወይም ከሦስት የገብስ ቅንጣት አይበልጥም። ይህን ባገኘን ጊዜ እኛ ራሳችን ደግመን ቈጠርን። ምድር ይህንኑ በሙቀት መልክ ወደ ሰማይ መልሳ ትሰደዋለች።

የምድር ማግኔትነት ከዚህም ያንሳል። በአዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሚለካው መስክ በአንድ ኪሎ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ክብደት ከግራም የቢሊዮን ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ማግኔታር ከሚባሉት ከዋክብት አንዳንዶቹን ብንመለከት ግን፥ ባዶው መስክ ብቻ በአንድ ሜትር ኩብ አርባ ሚሊዮን ቶን ያህል ይመዝናል። ዓለምም ገና ሕፃን በነበረበት፥ በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሺህ ዓመታት ያህል፥ ከግዙፉ ነገር ይልቅ የብርሃን ስበት ይገዛ ነበር። ስለዚህ ማግኔት ክብደትን ይሽራል እያለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ አትመኑት፤ መስኩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ቶልማን፥ ኤረንፌስትና ፖዶልስኪ በ1923 ዓ.ም. ያገኙት ነው። ጐን ለጐን ወደ አንድ ወገን የሚሮጡ ሁለት የብርሃን ጨረሮች አይሳሳቡም፤ ፊት ለፊት የሚተላለፉ ግን ይሳሳባሉ።

ከብርሃን ጨረር የሚወጣውን ስበት በቀጥታ የለካ መሣሪያ እስከ አሁን የለም። ሆኖም በፕላቲን ውስጥ ከክብደቱ ከሺህ አራት እጅ ያህሉ፥ በቲታኒየም ውስጥ ከሺህ ሁለት ያህሉ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ማይክሮስኮፕ የተባለችው የፈረንሳይ ሳተላይት ሁለቱን በሰማይ ላይ አወዳድራ፥ በ2015 ዓ.ም. የታተመው ውጤት አወዳደቃቸው ፍጹም እኩል መሆኑን አሳየ። የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ሌላው ክብደት ባይወድቅ ኖሮ ልዩነቱ በታየ ነበር።

የዚያ ቤት ጌታ ይህን ዐምድ ሲያገኙ ልጃቸውን አስጠርተው እንዲያነቡለት እንለምናለን። ፋኖሱንም ዳግመኛ ከሚዛኑ ላይ ቢያኖረው እንዳይቈጡት።