እግር ሲከብድ የደም ሥር ይመርመር

በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አንድ አረጋዊ፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ እግራቸው ብቻ ከምድር እንደ ተጣበቀ በጠባብ እርምጃ ሲያዘግሙ ያየ መንገደኛ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ከገለጸው የፓርኪንሰን ደዌ ጋር የሚመሳሰል፣ መንሥኤው ግን በአንጎል ውስጥ ያሉ ረቂቃን የደም ሥሮች መደፈን የሆነ ሕመም እንዳለ የሕክምና ጥበብ ያስተምራል፤ ለዚህኛውም የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚሰጠው ረድኤት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ግፊትንና ስኳርን መቈጣጠር፣ ጨውን መቀነስ፣ ከትንባሆና የደም ግፊትን ከፍ ከሚያደርገው ጫት መታቀብ አእምሮንም እግርንም መጠበቅ ነውና፣ የድሬዳዋ ልጅ ሁሉ «አባባ፣ ዛሬ ግፊትዎን እናስለካ» ብሎ የወላጁን ክንድ ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ፤ ይህም አባትና እናትን የማክበር ትእዛዝ ፍጻሜ ነው።